የአስታማሚው ጉልበትና የኅብረተሰብ ዕድገት

የሕክምና ታሪክ በተጻፈባቸው መጻሕፍት ውስጥ ጎልቶ የሚታየው የሐኪሞች ስም ነው። አንዱ የደምን ዝውውር ገለጸ፣ ሌላው ክትባትን አስገኘ፣ ሌላው ደግሞ በሽተኛን አደንዝዞ ቀዶ ማከምን ጀመረ እየተባለ በየምዕራፉ ይወሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊወሳም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ መርምሮና መድኃኒት አዝዞ ከሄደ በኋላ በሽተኛው ብዙ ቀናትንና ብዙ ሌሊቶችን በመኝታው ላይ ያሳልፋል። በእነዚያ ረጃጅም ሰዓቶች ውኃ ያጠጣው፣ ጎኑ እንዳይቆስል ያገላበጠው፣ ቁስሉን ያጠበለት፣ የቆሸሸ አንሶላውን የለወጠለት፣ ትኩሳቱ ሲያይል እንቅልፉን አጥቶ የጠበቀው ማን ነበር? የታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ዘመናት መልስ አልሰጡም፤ አብዛኞቹም ጥያቄውን አላነሡትም።

ዝምታው ያለ ምክንያት አልመጣም። በቀደሙት ኅብረተሰቦች ውስጥ በሽተኛን ያስታመሙት በአብዛኛው ስማቸው በመዝገብ የማይሰፍር ሰዎች ነበሩ። እናቶችና እኅቶች በየቤታቸው፣ ባሮች በየጌቶቻቸው ግቢ፣ መነኮሳትና ባልቴቶች በየገዳሙ፣ ከገጠር የመጡ ድኻ ልጃገረዶች በየከተማው ሆስፒታል ይህን ሥራ ሠርተዋል። ድካማቸው ግን እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ተፈጥሮ ግዴታ፣ እንደ ጽድቅ ወይም እንደ ዝቅተኛ አገልግሎት ሲቆጠር ኖሯል።

በዚህ ጽሑፍ የማስታመምን ታሪክ ከጥንት ተነሥተን በአጭሩ ስንመረምር ልናስገነዝብ የምንፈልገው አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ማስታመም ዕውቀትንና ጉልበትን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን፣ አንድ ኅብረተሰብ ለሕሙማኑ የሚያስብ መሆን አለመሆኑም ለአስታማሚዎቹ በሚሰጠው ሥልጠና፣ ደመወዝና ክብር የሚመዘን መሆኑን ነው። (ስለ ውጭ አገር ታሪክ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን የተጠቀሱት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ጥንታዊው ዕውቀትና የባለቤቱ ስሌት

ማስታመም ሙያ መሆኑ በቅርብ ጊዜ የመጣ አስተሳሰብ አይደለም። ከዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት በሕንድ የተጠናቀረው ቻራካ ሳምሂታ የተባለው የሕክምና መጽሐፍ ፈውስ በአራት ምሰሶዎች ላይ እንደሚቆም ያስተምራል። እነርሱም ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ፣ አስታማሚውና በሽተኛው ራሱ ናቸው። መጽሐፉ ከአስታማሚው የሚፈለጉትን ባሕርያት ለይቶ ሲያስቀምጥ የማስታመምን ዕውቀት ያስቀድማል፤ ከዚያም ቅልጥፍናን፣ ለበሽተኛው ማሰብንና ንጽሕናን ያስከትላል። ከዚህ የምንረዳው ርኅራኄ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የጥንት ሰዎችም ያወቁት መሆኑን ነው።

ዕውቀቱ መኖሩ ግን ሁሉም ሰው ይታመምበታል ማለት አልነበረም። በጥንቷ ሮም የበሽተኛው ጉዳይ የንብረት ጉዳይም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ የጻፈው ባለርስቱ ካቶ የእርሻ ጌታ ያረጁ በሬዎችንና ያረጁ መሣሪያዎችን ሲሸጥ ያረጀውንና በሽተኛውን ባሪያም አብሮ እንዲሸጥ መክሯል። በዚህ አመለካከት የታመመ ባሪያ ስለቱ እንደ ዶለዶመ ማጭድ ነው፤ ለመጠገን የሚወጣው ወጪ ከሚያስገኘው ጥቅም ከበለጠ ይጣላል።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለዚሁ ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ ግን ሌላ ስሌት አቀረበ። በእርሻው ግቢ ውስጥ ለታመሙ ባሮች የተለየ ክፍል እንዲኖር፣ የእርሻው ተቆጣጣሪ ሚስትም የደከመውን ሁሉ ወደዚያ እያስገባች እንድትንከባከብ አሳሰበ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ እንክብካቤ አግኝቶ የዳነ ባሪያ ከቀድሞው ይበልጥ በታማኝነት ያገለግላል የሚል ነው። በራይንና በዳኑብ ወንዞች አጠገብ በነበሩት የሮም ጦር ሰፈሮችም ለወታደሮች የተለዩ የሕሙማን ቤቶች ተሠርተው ነበር። በጦሩ ውስጥ ቁስል ማሰሪያ የያዘ ሣጥን ተሸክመው የሚከተሉ አስታማሚዎች ነበሩ። የባሪያው ጉልበት ለእርሻ፣ የወታደሩ ጉልበት ለግዛት ማስፋፊያ ይፈለግ ስለነበረ ሁለቱም መኝታ አገኙ። በሮም ከተማ የነበረው ድኻ ነፃ ሰው ግን ጉልበቱ የማንም ንብረት ስላልነበረ ቢታመም የሚጠይቀው ከቤተሰቡ በቀር አልነበረም።

የዚህ ሥርዓት ጭካኔ የደረሰበትን ደረጃ አንድ ሕግ ያስረዳናል። የሮም ባሪያ አሳዳሪዎች የማስታመሙን ወጪ ለመሸሽ ሲሉ የታመሙ ባሮቻቸውን በቲቤር ወንዝ መካከል ባለችው የፈውስ አምላክ መቅደስ በነበረባት ደሴት ላይ ይጥሏቸው ጀመር። ከ41 እስከ 54 የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ እንዲህ ተጥሎ የዳነ ባሪያ ነፃ እንዲወጣ፣ ከመጣል ይልቅ መግደልን የመረጠ ጌታም በነፍስ ገዳይነት እንዲጠየቅ ደነገገ። ሕጉ ማውጣት ያስፈለገው ድርጊቱ የተለመደ ስለነበረ መሆኑ ግልጽ ነው።

ምጽዋት ያቆማቸው የሕሙማን ቤቶች

ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አዲስ አስተሳሰብ ጎልቶ ወጣ። የታመመው ሰው የማንም ንብረት ባይሆንም፣ ጉልበቱ ለማንም ባይጠቅምም ሊታመም የሚገባው ነው የሚል አስተሳሰብ ነበር። በ370 ገደማ ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ በምትገኘው በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለሕሙማን፣ ለሥጋ ደዌ በሽተኞች፣ ለድኾችና ለመንገደኞች የሚሆን ሰፊ ተቋም ከነሐኪሞቹና ከነአስታማሚዎቹ አቋቋመ። በ390 ገደማም ፋቢዮላ የተባለች ከመኳንንት ወገን የተወለደች ሴት በሮም የሕሙማን ቤት ከፍታ ሰው የሚጸየፈውን ቁስል በገዛ እጇ ታጥብ ነበር።

ታሪክ የፋቢዮላን ስም የያዘልን ባለሀብትና የታላቅ ቤተሰብ ልጅ ስለነበረች ነው። በዚያው ዘመን በእስክንድርያ ከተማ በሽተኞችን ከየመንገዱ እያነሡ የሚሸከሙና የሚያስታምሙ፣ ፓራቦላኒ ተብለው የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ። በስም የምናውቃቸው ግን የሉም ለማለት ይቻላል። መንግሥት ያስታወሳቸው ስለ ድካማቸው ሳይሆን ተሰባስበው በከተማው ፖለቲካ ውስጥ ስለገቡና ስለተፈሩ ነው። በ416 የወጣው ሕግ ቁጥራቸው ከ500 እንዳይበልጥ፣ ወደ አደባባይ ትርዒትና ወደ ፍርድ ቤትም እንዳይሰበሰቡ ከለከለ። በ418 ቁጥሩ ወደ 600 ከፍ እንዲል ተፈቀደ። በአንድ ከተማ ይህን ያህል ሰው በማስታመም ሥራ ላይ ተሠማርቶ እንደነበረ የምናውቀው ከዚህ የክልከላ ሕግ ነው።

በእስልምናው ዓለምም ይህ ሥራ ሥር የሰደደ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው ሩፋይዳ አል-አስለሚያ የተባለች ሴት በነቢዩ መሐመድ ዘመን በመዲና ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታስታምም ነበር። ከዚያም በኋላ ቢማሪስታን የሚባሉት የሕሙማን ቤቶች በየታላላቁ ከተማ ተሠሩ። በ1154 በደማስቆ የተመሠረተው የኑር አል-ዲን፣ በ1284 ደግሞ በካይሮ የተከፈተው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታል ዝነኞች ናቸው። በካይሮው ሆስፒታል ትኩሳት የያዘው፣ ዓይኑን የታመመው፣ የቆሰለውና ተቅማጥ የያዘው በየክፍሉ ተለይቶ ይተኛ ነበር፤ ለወንዶች ወንዶች፣ ለሴቶች ሴቶች አስታማሚዎች ተመድበው ነበር። ወጪው ለዚሁ ተብሎ ወቅፍ ከተደረገ መሬትና ሕንፃ በሚገኝ ገቢ ይሸፈን ነበር።

በ1136 በቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 2ኛ ያቋቋመው የፓንቶክራቶር ገዳም ሆስፒታል መተዳደሪያ ደንብ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ደንቡ 50 አልጋዎችን በየክፍሉ ያከፋፍላል፤ ከእነዚህም 12ቱ የሴቶች ናቸው። በየክፍሉ የሚመደቡትን ሐኪሞች፣ ረዳቶችና ሌሊት የሚጠብቁ አስታማሚዎች በቁጥር ይወስናል፤ በገንዘብና በእህል የሚከፈላቸውንም ይዘረዝራል። ለእኛ ታላቅ ትርጉም ያለው ይህ ዝርዝር ነው። አስታማሚው በደንብ ውስጥ ቦታና ደመወዝ ሲኖረው ሥራው ሥራ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

ምጽዋት ብዙ ሕይወት ማትረፉ አይካድም። ነገር ግን የምጽዋት ቤት የሚቆመው የሰጪው እጅ እስከተዘረጋ ድረስ ነው። ችግረኛው ሲበዛ፣ መጽዋቹ ሲያንስ የሚሆነውን በፓሪስ ከነበረው ከኦቴል ዲዩ ሆስፒታል እናያለን። ዣክ ቴኖን የተባለው ቀዶ ሐኪም በ1788 ባሳተመው ጥናት በዚያ ሆስፒታል በአንድ አልጋ ላይ 4፣ አንዳንድ ጊዜም 6 በሽተኞች ይተኙ እንደነበረ መስክሯል። በአንድ አንሶላ ውስጥ የሚያገግመው ከሚያጣጥረው ጋር፣ ትኩስ ቁስል ያለው ተላላፊ በሽታ ከያዘው ጋር ይተኛል። ከገቡት መካከል ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ይሞት ነበር። በዚያ ቤት መነኮሳቱ ሌሊትና ቀን ሠርተዋል፤ አንሶላውንም በክረምት ብርድ ሳይቀር በሴን ወንዝ ውኃ ሲያጥቡ ኖረዋል። የጎደለው የእነርሱ ትጋት አልነበረም። የጎደሉት ቦታ፣ ገንዘብና ዕውቀት ነበሩ።

በዚያችው አገር በ1633 ቪንሴንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማሪያክ የመሠረቱት የእኅቶች ማኅበር ደግሞ አስታማሚዋን ከገዳም ግንብ አውጥቶ ወደ ድኾች ሰፈር ላካት። የማኅበሩ ፋና ወጊ ሆና የምትቆጠረው ማርጌሪት ናዞ የተባለች ላም ጠባቂ የገበሬ ልጅ ነበረች። ማንበብን በራሷ ጥረት ተምራ ሌሎች የገጠር ልጆችን ታስተምር ነበር። በዚያው በ1633 ዓመት ወረርሽኝ የያዛትን አንዲት ሴት ከራሷ አልጋ አስተኝታ ስታስታምም በሽታው ተጋብቶባት ሞተች። በዘመኑ ስለ በሽታ መተላለፊያ መንገድ የሚያስተምራት አልነበረም። አስታማሚን ያለ ዕውቀትና ያለ መከላከያ ወደ በሽተኛ መላክ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል የእርሷ ሕይወት ያሳየናል።

ደመወዝተኛዋ አስታማሚና የተጣለባት ነቀፌታ

በእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ገዳማትን ሲዘጋ በእነርሱ ሥር የነበሩት አብዛኞቹ የሕሙማን ቤቶችም አብረው ተዘጉ። በለንደን የቀሩት ጥቂቶቹ በከተማው አስተዳደር እጅ ሲገቡ መነኮሳቱን የተኩት ደመወዝተኛ ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ወለል ይወለውላሉ፣ ከሰል ይሸከማሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ በዚያው ላይ በሽተኛ ያስታምማሉ። ደመወዛቸው ከቤት ሠራተኛ የሚሻል አልነበረም። ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1843 እና በ1844 ባወጣው ልቦለድ ውስጥ ሴሪ ጋምፕ የተባለች ሰካራምና ግዴለሽ አስታማሚ አስገብቶ አገሩን አሳቀ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስሟ የመጥፎ አስታማሚ መጠሪያ ሆነ። እንደዚያ ያሉ አስታማሚዎች እንደነበሩ አይካድም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሳቅ ያረፈው በሴቲቱ ላይ እንጂ ያለ ሥልጠና፣ ያለ እረፍትና ያለ በቂ ደመወዝ ባሠሯት ላይ አልነበረም። ሥራውን ካዋረዱ በኋላ በውርደቱ ሠራተኛዋን መክሰስ በብዙ ሙያዎች ታሪክ ውስጥ የታየ ነው።

የተናቀው ሙያተኛ ሁልጊዜ ያነሰ ሥራ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ከቪየና እንጥቀስ። በከተማው ታላቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በ1840ዎቹ ዓመታት በተማሪዎቹ ክፍል ከወላዶች መካከል 10 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ በአዋላጆቹ ክፍል የሚሞቱት ከ4 በመቶ በታች ነበሩ። ድኾቹ እናቶች ይህን ከሊቃውንቱ በፊት አውቀው ወደ አዋላጆቹ ክፍል ለመግባት ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም በ1847 ምክንያቱን ደረሰበት፤ ተማሪዎቹና ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይነኩ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባስገደዳቸው ጊዜ ሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ አሽቆለቆለ። የሙያ ጓደኞቹ ብዙዎቹ ግን ግኝቱን ለመቀበል አልፈለጉም፤ የሐኪም እጅ ይገድላል መባሉን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

የክሪሚያ ጦርነት ያጋለጠው እውነት

ከ1853 እስከ 1856 በሩስያ በኩል፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በቱርክ በሌላው በኩል የተካሄደው የክሪሚያ ጦርነት ለማስታመም ታሪክ መለወጫ ሆነ። በጦርነቱ ከጥይት ይልቅ ኮሌራ፣ ተስቦና ተቅማጥ ብዙ ወታደሮችን ጨረሱ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል 38 ሴቶችን ይዛ በኅዳር 1854 ቁስጥንጥንያ አጠገብ ስኩታሪ በተባለው ስፍራ ወደነበረው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ገባች። ከ38ቱ 14ቱ በደመወዝ ይሠሩ የነበሩ የሆስፒታል አስታማሚዎች፣ የቀሩት የልዩ ልዩ የሃይማኖት ማኅበራት እኅቶች ነበሩ። ንጹሕ ልብስ፣ የሚበላ ምግብና ሥርዓት በእነርሱ አማካይነት ገባ። ይሁን እንጂ በዚያ ክረምት ሞቱ አልቀነሰም። ሕንፃው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ የቆመ ነበርና። በመጋቢት 1855 ከለንደን የተላከው የጽዳት ቡድን ቦዩን ከጠረገ፣ ውኃውን ካጸዳና መስኮቶቹን ካስከፈተ በኋላ ግን የሟቾች ቁጥር በፍጥነት ወረደ። ናይቲንጌል ከዚህ ታላቅ ትምህርት ወሰደች። ወደ አገሯ ተመልሳ አኃዞቹን ሰበሰበች፤ አብዛኛው ወታደር የሞተው መከላከል በሚቻል በሽታ መሆኑን በ1858 በሥዕላዊ መግለጫ አሳይታ መንግሥትን ሞገተች። ፋኖስ ይዛ በሌሊት ስትዞር የሚያሳየው ሥዕል ከሁሉ ይበልጥ ቢታወቅም፣ በእኛ አስተያየት ታላቁ ሥራዋ ይህ የቁጥር ክርክር ነው።

በዚያው ጦርነት የዘመቱት ሌሎች ሴቶች ግን ለረጅም ጊዜ ተረስተው ቆዩ። በ1805 በጃማይካ የተወለደችው ሜሪ ሲኮል ጥቁር ከሆነችው እናቷ የመድኃኒትና የማስታመም ጥበብ ተምራ፣ በፓናማ ኮሌራ ሲገባ ብዙ ሰው ያስታመመች ልምድ ያላት ሴት ነበረች። ለመዝመት ለንደን ድረስ ሄዳ ብታመለክትም ተቀባይ አላገኘች። በራሷ ገንዘብ ተጉዛ በ1855 ባላክላቫ አጠገብ ምግብና ማረፊያ የሚገኝበት ቤት ከፈተች፤ መድኃኒቷን ይዛም እስከ ጦር ሜዳው እየወጣች ቁስለኛ አስታመመች። በሩስያ በኩል ደግሞ ዳሻ የተባለች ወላጆቿ የሞቱባት የባሕርተኛ ልጅ በ1854 በአልማ ወንዝ ውጊያ ላይ ጋሪዋን የቁስል ማሰሪያ ጣቢያ አደረገች። በዚያው ዓመት የተደራጁትን የሩስያ እኅቶች የመራው ታላቁ ቀዶ ሐኪም ኒኮላይ ፒሮጎቭ በሥራ ከፋፈላቸው፤ ገሚሶቹ ቁስል እንዲያስሩ፣ ገሚሶቹ መድኃኒት እንዲያድሉ፣ የቀሩትም የበሽተኛው ስንቅ በሹማምንት እጅ እንዳይዘረፍ እንዲቆጣጠሩ አደረገ። ከሁለቱም ወገን የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ማስታመም ከጽዳት፣ ከስንቅ አያያዝና ከታማኝ አስተዳደር ተነጥሎ አይቆምም።

በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የናይቲንጌል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሥልጠናው ከለንደን ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። ነገር ግን መንገዱ ቀና አልነበረም። ብዙ ሆስፒታሎች ሠልጣኞችን እንደ ርካሽ ጉልበት ቆጥረው ረጅም ሰዓት ያሠሯቸው ነበር። ነርሶች በሕግ ተመዝግበው ሙያቸው እንዲታወቅ ሲጠይቁም ናይቲንጌል ራሷ የጠባይ ጥራት በፈተናና በመዝገብ አይለካም ብላ ተቃውማለች። ጥያቄው ግን አልቆመም። ኒው ዚላንድ በ1901 ነርሶችን የሚመዘግብ ሕግ አወጣች፤ እንግሊዝም ከሠላሳ ዓመታት በላይ ከፈጀ ክርክር በኋላ በ1919 ተከተለች። ሕጉ የተገኘው ነርሶቹ ራሳቸው ተደራጅተው ስለጠየቁ እንጂ ማንም በችሮታ ስለሰጣቸው አልነበረም።

በአገራችን

አማርኛችን «ማስታመም» የሚል ራሱን የቻለ ቃል ያለው ተግባሩ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ ነው። ለታመመ ሰው አጥሚት መሥራት፣ ተራ ገብቶ ማደር፣ በቃሬዛ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መሄድ የጎረቤት ግዴታ ሆኖ ኖሯል። ወጌሻውና የልምድ አዋላጇ የየአካባቢው ባለሙያዎች ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ሴቶች ውኃ በማቀበልና ቁስለኛ በማንሣት ከጦሩ ጋር ተሰልፈዋል፤ ከድሉም በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ ቁስለኞችን አክሟል።

በጎረቤት መተጋገዝ ላይ ብቻ የቆመ ማስታመም ግን ወሰን እንዳለው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አሳየ። በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲገባ ጎረቤት ጎረቤቱን ሊያስታምም አልቻለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወድቋልና። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነርሱም የታመሙና የሞቱ ነበሩ። ቤተሰቡ በሙሉ በተኛበት ቤት የሚያጠጣ ሰው ጠፋ። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ልማድ ከዚያ ክፉ ወር መታሰቢያነት ጋር ተያይዞ ይነገራል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ብዙ ሳይቆይ የፋሺስት ወረራ ሲጀመር ከልዩ ልዩ አገሮች የቀይ መስቀል ቡድኖች ሊረዱ መጡ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደብድበው ሕሙማንን ገደሉ፤ ከስዊድናውያኑም አንዱ ሞተ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ድንኳን እንኳ በሽተኛንና አስታማሚን ያላዳነበት ጊዜ ነበር።

በስደቱ ዘመን ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው የተመሰከረላቸው ነርስ ሆነዋል፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነታቸው ዐርፈዋል። ማስታመም የዝቅተኛ ሰው ሥራ ነው ይባል በነበረበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ምርጫ ቀላል ግምት የሚሰጠው አልነበረም። በ1940ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የደንቢያን ሜዳ ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ ካስከተለው እልቂት በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። እነርሱና ድሬሰሮች ሐኪም ባልደረሰበት ወረዳ ሁሉ የሕክምናው ምሰሶ ሆነው ቆይተዋል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ደመወዝተኛ ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተደርጎ ከ30,000 በላይ ተሠማርተዋል። የጎረቤት ልጅ የሆነች ሴት ሠልጥና፣ ደመወዝ እየተከፈላት ከጎረቤቶቿ ቤት መግባቷ የጥንቱን መተሳሰብ ከሙያ ጋር ያገናኘ እርምጃ ነው።

ሊታሰብበት የሚገባው

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም 28 ሚሊዮን ያህል ነርሶች እንዳሉ፣ ከ10ሩ ዘጠኙ ሴቶች እንደሆኑ፣ 5.9 ሚሊዮን ነርሶችም እንደሚጎድሉ ገልጿል። ጉድለቱ የበረታው በድኾቹ አገሮች ነው። ሪፖርቱ በወጣበት ዓመት የኮቪድ ወረርሽኝ ዓለምን ሲያዳርስ በብዙ ከተሞች ሕዝቡ ለነርሶች አጨበጨበ። ጭብጨባው መልካም ነበር፤ ነገር ግን የእጅ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ በቂ ባልደረባና የሚያኖር ደመወዝ የሚተካ አልነበረም። ከማርጌሪት ናዞ ሞት 387 ዓመታት በኋላም መከላከያ ሳይኖራቸው ሲያስታምሙ የሞቱ ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ረጅም ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ የማስታመም ዕውቀት በየዘመኑ ቢኖርም ዕውቀቱ ለማን ይድረስ የሚለውን የወሰነው የኅብረተሰቡ አደረጃጀት ነው። ሁለተኛ፣ ምጽዋትና መተዛዘን የማይናቁ መሠረቶች ቢሆኑም ያለ ሥልጠና፣ ያለ ንጽሕናና ያለ ቋሚ ገንዘብ ሸክሙን ሊሸከሙ አልቻሉም። ሦስተኛ፣ አስታማሚዎች ክብራቸውን ያገኙት ሥራቸው ሥራ መሆኑን አስረድተውና ተደራጅተው ነው።

ይህ ትምህርት ለመንግሥትና ለሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ብቻ የተተወ አይደለም። በየሆስፒታሉ ከዘመዱ አልጋ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ የሚያድረው አስታማሚ ከእኛው መካከል ነው፤ ለቀናት ከሥራው ቀርቶ የሚከፍለውን ዋጋም እናውቀዋለን። የሰፈር ማኅበርተኞች የታመመውን ጎረቤት በየተራ ሲጠብቁ፣ እድሩ ከቀብር በፊት ስለ ማስታመም ሲመክር፣ በሥራ ቦታ ደግሞ አስታማሚ የሆነ ባልደረባ እረፍት እንዲያገኝ ሠራተኞች ሲጠይቁ ሸክሙ ከአንድ እናት ወይም ከአንዲት እኅት ትከሻ ላይ ይወርዳል። በጤና ጣቢያ ለምናገኛት ነርስ የምናሳየው አክብሮትም ከዚሁ ይቆጠራል። ሞትን ለመቅበር የተባበረ ሰፈር ሕይወትን ለማስታመም የማይተባበርበት ምክንያት የለም።